አንድ ግራፍ፣ ብዙ መለኪያ፦ ቁልፉ ሲጫን ምን አብሮ መቀየር አለበት?

(በደብረ ማርቆስ ለዕቅድ፣ ለሒሳብና ለመረጃ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የቀረበ)

እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳል? ጥሩ። ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከደንበጫ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከእንጅባራ በማለዳ መኪና የተሳፈራችሁ ሁሉ፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ። የዩኒየን ሒሳብ ሠራተኞች አላችሁ፣ የወረዳ ዕቅድና ክትትል ባለሙያዎች አላችሁ፣ ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣችሁም አላችሁ። ሥራችሁ ይለያያል። አንድ ነገር ግን የጋራችሁ ነው፤ እናንተ ከቁጥር ግራፍ ታወጣላችሁ፣ ያንን ግራፍ የሚያነበው ግን ሌላ ሰው ነው። ዛሬ የማወራው ለዚያ ሌላ ሰው ተቆርቁሬ ነው።

ርዕሳችን ጠባብ ነው። ዳሽቦርድ (ግራፎችና ቁጥሮች በአንድ ላይ የሚታዩበት የኮምፒዩተር ገጽ) ላይ አንድ ግራፍ አለ፤ ከላዩ «ኩንታል»፣ «ብር»፣ «አማካይ ዋጋ»፣ «የገበሬ ብዛት» የሚሉ ቁልፎች አሉ። አንዱን ስትጫኑት ዓምዶቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ግራፉ ሌላ ነገር ያሳያል። ይኸው ነው። ይህን መሥራት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ታዲያ ምን ያወራናል? የሚያወራን ይህ ነው፦ ቁልፉ ሲጫን የሚቀየረው የዓምዱ ቁመት ብቻ ከሆነ፣ ግራፉ መዋሸት ይጀምራል። ርዕሱ፣ አሀዱ (ኩንታል ወይም ብር የሚለው መስፈሪያ)፣ የዕቅዱ መስመር፣ ቅደም ተከተሉ፣ የድምር አሠራሩ ሁሉ አብሮ መቀየር አለበት። ይህን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

በአራት ነጥብ እሄዳለሁ። አንደኛ፣ መቀያየሪያ መቼ ያስፈልጋል፣ መቼስ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ መለኪያዎቹ ራሳቸው ምን ዓይነት ናቸው። ሦስተኛ፣ በየሶፍትዌሩ እንዴት ይሠራል፤ እዚህ ላይ እቆያለሁ። አራተኛ፣ አብረው መቀየር ያለባቸው ነገሮች።

አንደኛው ነጥብ። መቀያየሪያ የሚጠቅመው ቦታ ስለሚቆጥብ ነው። የፕሮጀክተሩ ሸራ አንድ ነው፣ የስልክ ስክሪን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንባቢው በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ካለው፣ «ኅዳር ላይ ስንት ኩንታል ገባ?» ብሎ መልሱን አይቶ «እሺ፣ ስንት ብር ወጣበት?» የሚል ከሆነ፣ ቁልፉ በትክክል ለእሱ የተሠራ ነው። ነገር ግን ጥያቄው «ዋጋ ሲጨምር ገበሬው ብዙ አስረከበ ወይስ እህሉን ያዘ?» ቢሆንስ? ያ ሰው ሁለቱን መለኪያ በአንድ ዓይን ማየት አለበት። ቁልፍ ብትሰጡት የመጀመሪያውን ግራፍ በሐሳቡ ይዞ ሁለተኛውን ሊያይ ነው። አይችልም! ማንም አይችልም። ስለዚህ ለማነጻጸር መቀያየሪያ አትስጡ። ሁለት ትንንሽ ግራፎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ወሮቹ በአንድ መስመር ተስተካክለው፤ በቃ። በአንድ ግራፍ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ መስመር አቁመው ኩንታልንም ብርንም የሚያሳዩ አሉ። እኔ አልወደውም። የሁለቱን መስመሮች መገናኛ ነጥብ የሚወስነው የገበያው ሁኔታ መሆኑ ቀርቶ እናንተ የመረጣችሁት የመጠን ልክ ይሆናል፤ አንባቢው ግን መገናኛውን ትርጉም ይሰጠዋል።

ሌላም አለ። ሪፖርታችሁ የት ነው የሚነበበው? በሐቀኝነት እንነጋገር። ብዙ ጊዜ ዳሽቦርዱን ከፍቶ የሚያየው አንድ ሰው ነው፤ ቀሪው የሚያየው በቴሌግራም የተላከውን የስክሪን ፎቶ ወይም የታተመውን ወረቀት ነው። ፎቶ ላይ ቁልፍ አይጫንም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ፎቶው ሲቆረጥ ቁልፎቹ ተቆርጠው ይቀራሉ። ስለዚህ ለኅትመት የሚሄድ ገጽ ካለ፣ ሁሉንም መለኪያ በየራሱ ትንሽ ግራፍ የያዘ ሌላ ገጽ አዘጋጁለት።

ወደ ሁለተኛው። አሁን አንድ በቆሎ የሚሰበስብ ዩኒየን እናስብ። ቁጥሮቹን ለማስረጃ ያህል እኔው የፈጠርኳቸው ናቸው፤ የማንም አይደሉም። ሰንጠረዡ ላይ ወረዳ፣ መሠረታዊ ማኅበር፣ የገበሬ መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ የገባ ኩንታል፣ የተከፈለ ብር አለ። ከዚህ ስንት መለኪያ ይወጣል? ብዙ። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ቁልፍ ከመሥራታችሁ በፊት በየዓይነታቸው ለዩዋቸው።

ኩንታልና ብር ይደመራሉ። የወር በወር፣ የወረዳ በወረዳ፣ እንዴትም ብትደምሩት ትክክል ነው። እነሱ ችግር የለባቸውም፣ ልለፋቸው።

አማካይ ዋጋ ግን አይደመርም፤ አማካዩም ተመልሶ አማካይ አይወጣለትም። አንድ ማኅበር 900 ኩንታል፣ አንዱን ኩንታል በ4,000 ብር ገዛ። ሌላው 100 ኩንታል፣ አንዱን በ5,000 ብር ገዛ። የዩኒየኑ አማካይ ዋጋ ስንት ነው? ማነው የሚነግረኝ? «4,500» የሚል ሰማሁ። አይደለም። የመጀመሪያው 3,600,000 ብር ከፈለ፣ ሁለተኛው 500,000፤ ድምሩ 4,100,000 ብር ለ1,000 ኩንታል፤ አማካዩ 4,100 ብር ነው። በኩንታል 400 ብር ልዩነት! ሶፍትዌሩ «አቬሬጅ» የሚል ቀላል ምርጫ ስላለው ብቻ የዋጋ ዓምዱን ወስዶ 4,500ን በደስታ ያሳያችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዋጋን ሰንጠረዡ ላይ እንደ ዓምድ አታስቀምጡ። መለኪያውን ጠቅላላ ብር ሲካፈል ለጠቅላላ ኩንታል አድርጋችሁ ጻፉት፤ ሶፍትዌሩ በየደረጃው ራሱ አካፍሎ ይሰጣችኋል።

የገበሬ ብዛትም አይደመርም። ኅዳር ላይ 300 ገበሬ አስረከበ፣ ታኅሣሥ ላይ 250። ከነዚህ 180ዎቹ በሁለቱም ወር መጥተዋል። ያስረከበው ሰው 550 ነው? 370 ነው። በግራፉ ላይ ዓምዶቹን የሚደምር አንባቢ 550 ያገኛል፣ ከላይ ጠቅላላውን የሚያሳየው ካርድ 370 ይላል፤ ስብሰባው ላይ «ቁጥሩ አይጣጣምም» ተብሎ ክርክር ይነሳል። ዓምዶቹም ካርዱም ልክ ናቸው፤ ልክ ያልሆነው መደመሩ ነው። ግን ይህን ከግራፉ ሥር በአንድ መስመር ካልጻፋችሁ ማን ያውቃል? «አንድ ገበሬ በየወሩ ሊቆጠር ይችላል» ብላችሁ ጻፉ።

የመጋዘን ቀሪ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። በወረዳዎች መካከል ይደመራል፣ በወራት መካከል አይደመርም። የኅዳርን መጨረሻ ቀሪና የታኅሣሥን መጨረሻ ቀሪ ብትደምሩ ያንኑ እህል ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁት። ለእሱ የሚያስፈልገው የወሩ የመጨረሻ ቀን ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የእኛ ዘመን አቆጣጠር 13 ወር አለው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በየ4 ዓመቱ 6። የወተት ሰብሳቢ ማኅበር ውሰዱ፦ ነሐሴ ላይ 6,000 ሊትር፣ ጳጉሜን ላይ 1,250 ሊትር። ግራፉ ገደል ገባ! የማያውቅ ሰው ላሞቹ ምን ሆኑ ይላል። «በቀን አማካይ» የሚል ሌላ መለኪያ ብትጨምሩ ግን ነሐሴ 200 ሊትር በቀን፣ ጳጉሜን 250 ሊትር በቀን ይወጣል። ምርቱ ጨምሯል ማለት ነው። ወራችሁን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምታሳዩ ከሆነ ይህ መለኪያ ከቁልፎቹ መካከል ይግባ። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር የምትደምሩ ከሆነም ይፈቀዳል፣ ግን በርዕሱ ላይ «ነሐሴና ጳጉሜን» ብላችሁ ጻፉ።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ደብተር ያላችሁ አውጡ።

በፓወር ቢአይ፣ በማይክሮሶፍቱ የዳሽቦርድ መሥሪያ ሶፍትዌር፣ እንጀምር፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙት እሱን ስለሆነ። መጀመሪያ እያንዳንዱን መለኪያ ለየብቻው ጻፉ፦ ጠቅላላ ኩንታል፣ የተከፈለ ብር፣ አማካይ ዋጋ፣ የገበሬ ብዛት። ለዋጋው «ዲቫይድ» የሚለውን ፈንክሽን (ዝግጁ የሒሳብ ትእዛዝ) ተጠቀሙ፤ ኩንታሉ ዜሮ የሆነበት ወር ላይ ስሕተት ከማሳየት ባዶ ይተወዋል። ለገበሬው «ዲስቲንክትካውንት»፤ እያንዳንዱን ገበሬ አንዴ ብቻ ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ የቁጥር ቅርጹን እዚያው ወስኑለት፦ ኩንታል ያለ ነጥብ፣ ብር በኮማ የተከፋፈለ፣ እንዲህ እያላችሁ። ይህን ሳትጨርሱ ወደ ቁልፉ አትሂዱ። እባካችሁ፣ አትሂዱ።

ከዚያ ከላይ «ሞዴሊንግ» የሚለውን ክፈቱ፣ «ኒው ፓራሜትር»፣ ከሱ ሥር «ፊልድስ»። የሚከፈተው ሳጥን ስም ይጠይቃል፤ «መለኪያ» በሉት። ከቀኝ በኩል አራቱን መለኪያዎች በምትፈልጉት ቅደም ተከተል አስገቡ። ከታች ስላይሰር (አንባቢው የሚመርጥበት ሳጥን) ወደ ገጹ ይጨመር የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ተዉትና ፍጠር በሉት። አሁን ከግራፉ የቋሚ መስመር ቦታ ላይ የነበረውን መለኪያ አውጡና አዲሱን ፓራሜትር (አሁን የፈጠራችሁትን የመለኪያ ዝርዝር) እዚያ ጣሉት። ሠራ። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም እያንዳንዱ መለኪያ የራሱን የቁጥር ቅርጽ ይዞ መምጣቱ ነው።

ግን ሦስት ነገር ይቀራል። ስላይሰሩ በነባሪ ብዙ መምረጥ ይፈቅዳል። አንባቢው ሁለት ከመረጠ ኩንታልና ብር በአንድ ቋሚ መስመር ላይ ይቆማሉ፤ ብሩ ሚሊዮን ስለሆነ የኩንታሉ ዓምድ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ይጠፋል። ምንም ካልመረጠስ? ምንም አለመምረጥ እዚህ ሁሉንም እንደመምረጥ ነው፤ አራቱም በአንድ ላይ ይመጣሉ። ስለዚህ ከስላይሰሩ ቅንብር ውስጥ «ሲንግል ሰሌክት»ን አብሩ። ቅርጹንም «ታይል» ብታደርጉት ቁልፍ ይመስላል፣ ለጣትም ይመቻል።

ቀጥሎ፣ ፓራሜትሩ የፈጠረውን ሰንጠረዥ ክፈቱት። ሦስት ዓምድ አለው፦ የሚታየው ስም፣ መለኪያው ራሱ፣ የቅደም ተከተል ቁጥር። የሚታየው ስም በጥቅስ ውስጥ ያለ ተራ ጽሑፍ ነው። «የገባ መጠን በኩንታል»፣ «የተከፈለ በብር» እያላችሁ አሀዱን ጨምራችሁ በአማርኛ አስተካክሉት። ወደፊት የመለኪያውን ስም ብትቀይሩ ይህ ጽሑፍ አብሮ አይቀየርም፤ በእጅ መመለስ አለባችሁ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው። ርዕሱን ከምርጫው ጋር ለመቀየር «ሰሌክትድቫሊዩ» (የተመረጠውን አንባቢ ፈንክሽን) ብላችሁ የሚታየውን ስም ለማንበብ ስትሞክሩ፣ ዓምዱ የጥምር ቁልፍ አካል ነው፣ ማለትም ከሌላ ዓምድ ጋር የተጣመረ ነው የሚል ስሕተት ይመጣል። አትደንግጡ። ስሙን ትታችሁ የቅደም ተከተል ቁጥሩን ዓምድ አንብቡ፤ እሱ እሺ ይላል። ከዚያ «ስዊች» በሚለው ፈንክሽን 0 ከሆነ ይህን ርዕስ፣ 1 ከሆነ ያንን ርዕስ ብላችሁ ጻፉ። ቁጥሩ የሚጀምረው ከ0 መሆኑን አትርሱ።

ይህ ዘዴ በሙከራ ደረጃ የመጣው በግንቦት 2022 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ቢሯችሁ ውስጥ ከዚያ በፊት የተጫነ ፓወር ቢአይ ካለ አታገኙትም። ያን ጊዜ የድሮው መንገድ አለ። «ኢንተር ዳታ» ብላችሁ ሁለት ዓምድ ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ፍጠሩ፦ ቁጥርና ስም። ከሌላ ሰንጠረዥ ጋር አታገናኙት፤ ብቻውን ይቁም። ከዚያ «የተመረጠው» የሚል አንድ መለኪያ ጻፉ። በቃል ላንብበው፦ የተመረጠውን ቁጥር ውሰድ፣ ካልተመረጠ 1 ነው በል፤ 1 ከሆነ ጠቅላላ ኩንታል፣ 2 ከሆነ የተከፈለ ብር፣ 3 ከሆነ አማካይ ዋጋ፣ 4 ከሆነ የገበሬ ብዛት። ስላይሰሩ ላይ ስሙን አስቀምጡ፤ ስሙ ሲመረጥ ቁጥሩም አብሮ ይመረጣል።

እህቴ፣ እጅሽን አይቻለሁ። «ለምን ስሙን ራሱን አናነብም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ምክንያቱ ፊደላችን ነው። ሰንጠረዡ ላይ «ሐምሌ» የጻፈው ሰው ፎርሙላው ላይ «ሀምሌ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። «ኩንታል» እና «ኵንታል»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ ከሌላው ካልገጠመ ፎርሙላው ስሕተት እንኳ አያሳይም፣ ዝም ብሎ ባዶ ግራፍ ይሰጣል። ባዶ ግራፍ ደግሞ «መረጃ የለም» ተብሎ ይነበባል። ቁጥር ግን ፊደል አይሳሳትም። ፎርሙላችሁ የሚያነበው ሁልጊዜ ቁጥር ይሁን፣ ስሙ ለዓይን ብቻ ይሁን። ይህ ለወረዳ ስምም ለቀበሌ ስምም ይሠራል።

የድሮው መንገድ ሌላ ድክመት አለው። መለኪያው አንድ ስለሆነ የቁጥር ቅርጹም አንድ ነው። ይህን ለማምለጥ «ፎርማት» የሚለውን ፈንክሽን የሚጠቀሙ አሉ፤ እሱ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፣ ከጽሑፍ ደግሞ ዓምድ አይሠራም። በሚያዝያ 2023 እንደ ፈረንጆቹ ከቅርጽ ምርጫዎቹ መካከል «ዳይናሚክ» የሚል ተጨምሯል፤ እዚያ ውስጥ ያንኑ «ስዊች» ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ ቁጥር የራሱን ቅርጽ መስጠት ይቻላል፣ ቁጥሩም ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ቡክማርክስስ (የገጹን ሁኔታ አስቀምጦ በቁልፍ የሚመልሰው)? አራት ግራፍ በላይ በላዩ ደርድሮ ሦስቱን ደብቆ አንዱን ማሳየት። ይቻላል፣ እኔ ግን የምመክረው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ መለኪያው ሲቀየር የግራፉ ዓይነትም መቀየር ካለበት፣ ለምሳሌ ኩንታሉ በዓምድ፣ ዋጋው በመስመር እንዲታይ ከፈለጋችሁ። ያን ስታደርጉ ቡክማርኩ ላይ «ዳታ» የሚለውን ምልክት አንሱ። ካላነሳችሁት፣ አንባቢው «ጃቢ ጠህናን» ብሎ ወረዳ መርጦ ቁልፉን ሲጫን ምርጫው ይሰረዝና እናንተ ቡክማርኩን ስታስቀምጡ ወደነበረው ይመለሳል። ሳያውቅ የሌላ ወረዳ ቁጥር ያነባል።

ወደ ኤክሴል። ፓወር ቢአይ የሌላችሁ፣ ወይም ኮምፒዩተራችሁ የማይችለው፣ እናንተን አልረሳሁም። ኤክሴል ይህንን ይሠራል። የመጀመሪያው ዓምድ ወር፣ ቀጣዮቹ አራት ዓምዶች አራቱ መለኪያዎች፣ 13 ረድፍ። በአንድ ባዶ ሴል ላይ ከ«ዳታ» ውስጥ «ዳታ ቫሊዴሽን»፣ «ሊስት» ብላችሁ የአራቱን ዓምዶች ርዕስ ስጡት፤ ተቆልቋይ ዝርዝር ይወጣል። ከዚያ ስድስተኛ ዓምድ ጨምሩና «ኢንዴክስ» እና «ማች» በሚሉት ፈንክሽኖች ከአራቱ የተመረጠውን እንዲያመጣ አድርጉ። ግራፉን የምትሠሩት ከወሩና ከዚህ ስድስተኛ ዓምድ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ከራሱ ከርዕሶቹ ስለሚወሰድ የፊደሉ ችግር እዚህ አይመጣም።

የግራፉን ርዕስ ለማገናኘት ርዕሱን አንዴ ተጫኑ፣ ከላይ ፎርሙላ መጻፊያው ላይ የእኩል ምልክት ጻፉ፣ ርዕሱን የያዘውን ሴል ተጫኑና ኢንተር በሉ። ለቋሚ መስመሩ ቁጥር ደግሞ ይህን የቅርጽ ኮድ ጻፉለት፦

[>=1000000]0.0,," ሚሊዮን";[>=100]#,##0;0.0

4,100,000 ሲመጣ «4.1 ሚሊዮን» ይላል፣ 4,100 ሲመጣ «4,100» ይላል፣ ምርታማነት (ኩንታል በሄክታር) 38.5 ሲመጣ እንዳለ «38.5» ይላል። ሁለቱ ኮማዎች አንድ ሚሊዮን ላይ ያካፍላሉ፤ አንዱን ከረሳችሁ ሚሊዮኑ በሺህ ይበዛል። ተጠንቀቁ።

ሌሎቹን ሁለት የግራፍ ሶፍትዌሮች፣ ታብሎንና ሉከር ስቱዲዮን፣ ቶሎ ልለፋቸው። ታብሎ ላይ የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር) ፓራሜትር ከ1 እስከ 4 ፍጠሩ፣ ለያንዳንዱ የሚታይ ስም ስጡ፣ ከዚያ «ኬዝ» ብሎ የሚጀምር ካልኩሌትድ ፊልድ (በፎርሙላ የሚሰላ መለኪያ) ጻፉ፣ ፓራሜትሩን ቀኝ ተጭናችሁ አሳዩት። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ድምር አድርጋችሁ ሌላው ላይ ያልተደመረ ዓምድ ከተዋችሁ የተደመረና ያልተደመረ መቀላቀል አይቻልም ይላል፤ ሁሉም ቅርንጫፍ የተጠቃለለ ይሁን። ታብሎ ፐብሊክ ላይ የሚወጣ ሥራ ዓለም ሁሉ የሚያየው መሆኑንም አስቡ፤ የገበሬ ስምና መለያ ቁጥር ያለበት ፋይል እዚያ አይወጣም። ሉከር ስቱዲዮ ደግሞ ፎርሙላም አይፈልግም፤ ከግራፉ ቅንብር ውስጥ «ኦፕሽናል ሜትሪክስ»ን አብርታችሁ መለኪያዎቹን መጨመር ብቻ ነው። ምርጫው የሚገኘው በግራፉ ራስጌ ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ስለሆነ፣ ራስጌውን ከደበቃችሁት ምርጫውም አብሮ ይደበቃል።

አሁን አራተኛው። ቁልፉ ሲጫን ምን አብሮ ይቀየር?

ርዕሱ። ርዕሱ መለኪያውን፣ አሀዱን፣ ጊዜውን፣ ወረዳውን ይያዝ። «ግዥ» አይበቃም። «ለበቆሎ የተከፈለ ገንዘብ በብር፣ ቡሬ፣ ኅዳር እስከ የካቲት» ይበል። ቅድም ስለ ቴሌግራም ፎቶ ያልኩትን አስታውሱ፤ ቁልፉ ቢቆረጥም ርዕሱ ይናገራል።

አሀዱ። ፓወር ቢአይ ትልልቅ ቁጥር ሲያይ ራሱ ያሳጥርና ሺህንና ሚሊዮንን በላቲን ፊደል ምልክት ያሳያል። ያንን ምልክት የማያነብ አንባቢ 4.1ን አራት ነጥብ አንድ ብቻ ይለዋል። «ዲስፕሌይ ዩኒትስ» የሚለውን «ነን» አድርጉትና ሙሉ ቁጥሩ ይታይ። ምርታማነት ላይ ደግሞ ለማን እንደምታሳዩ አስቡ። ለቢሮ በሄክታር ይሁን። ለገበሬ ስብሰባ ግን 4 ጥማድን 1 ሄክታር ብለን ከያዝን፣ 40 ኩንታል በሄክታር ማለት 10 ኩንታል በጥማድ ነው፤ ይህን እንደ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ጨምሩለት። ሒሳቡን ሰውየው ተቀምጦ ከሚሠራ ሶፍትዌሩ ይሥራው።

የዕቅዱ መስመር። ይህ የሚያሳፍር ስሕተት ያመጣል። ኩንታል ላይ 5,000 የሚል የዕቅድ መስመር በእጅ አስምራችኋል። ቁልፉ ወደ ብር ሲዞር መስመሩ 5,000 ላይ ይቆማል፣ ዓምዶቹ ሚሊዮን ናቸው፤ ሁሉም ወር ዕቅዱን በብዙ መቶ እጥፍ ያለፈ ይመስላል። ቀና ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ ጭብጨባም ሊከተል ይችላል! ዕቅዱን በእጅ አታስምሩት። እንደ ሌላ መለኪያ ጻፉት፣ በዚያው ቁጥር የሚቀያየር፤ በድሮው መንገድ 1 ሲሆን የኩንታል ዕቅድ፣ 2 ሲሆን የብር ዕቅድ፤ በአዲሱ ፓራሜትር ግን 0 እና 1። ዕቅድ የሌለው መለኪያ ሲመረጥ ባዶ ይመልስ፣ መስመሩ ይጥፋ።

ቅደም ተከተሉ። ወሮችን በፊደል ተራ ከተዋችኋቸው ከሐምሌ ቀጥሎ መስከረም፣ ከዚያ መጋቢት ይመጣል። ለወሮቹ የቁጥር ዓምድ ስጡና «ሶርት ባይ ኮለም» በሉ። የበጀት ዓመት የምትከተሉ ሐምሌ 1፣ ነሐሴ 2፣ ጳጉሜን 3፣ መስከረም 4 እያላችሁ ሰኔ 13 ላይ ትጨርሳላችሁ። ይህን ሠርታችሁም ግራፉ በቁጥሩ ብዛት ተደርድሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ከግራፉ ጥግ ሦስቱን ነጥቦች ተጭናችሁ በወሩ እንዲደረደር እዘዙት። ወረዳዎችን በተመለከተ ሰዎች ሁለት ዓይነት አስተያየት አላቸው። ከብዙ ወደ ጥቂት ቢደረደሩ ማን እንደበለጠ ቶሎ ይታያል፤ ነገር ግን ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ወረዳዎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ አንባቢው ጎዛምንን ፍለጋ ዓይኑ ይንከራተታል። እኔ ቁልፍ ባለበት ግራፍ ላይ ቦታቸው እንዲጸና እመርጣለሁ።

ቀለሙ። ኩንታል አረንጓዴ ከሆነ በሁሉም ገጽ አረንጓዴ ይሁን፣ ብር ሌላ ቀለም። ቀለሙ ሲቀየር አንባቢው የሚያነበው ነገር እንደተቀየረ ከርዕሱ በፊት ያውቃል።

የቋሚ መስመሩ መነሻ። ዓምድ ከዜሮ ይነሣ፣ ሁልጊዜ። ዋጋ ከ4,000 ወደ 4,100 ሲሄድ ከ3,950 የሚነሣ ዓምድ ሦስት እጥፍ የጨመረ ያስመስለዋል። ዋጋውን በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ በመስመር ግራፍ አድርጉት፤ መስመር ከዜሮ ባይነሣም ይፈቀድለታል።

መነሻው ምርጫ። ሪፖርቱ ሲከፈት የትኛው መለኪያ ይታይ? በስብሰባው ቀድሞ የሚጠየቀው። ነገር ግን በፓወር ቢአይ የኦንላይን አገልግሎት ላይ ሪፖርቱ የእያንዳንዱን አንባቢ የመጨረሻ ምርጫ ያስታውሳል። ኃላፊው ትናንት ብር ላይ ትቶት ከወጣ፣ ዛሬ ሲከፍት ብር ላይ ነው፤ እሱ ግን ኩንታል መስሎት ያነባል። ወደ መነሻው የሚመልሰውን ቁልፍ አሳዩት፤ ከላይ አለ።

ሥራውን ስትጨርሱ እንዴት ትፈትሹታላችሁ? አንድ ወር፣ አንድ ማኅበር ምረጡ። ደረሰኞቹን አውጡ፣ በካልኩሌተር ደምሩ። ከዚያ አራቱንም ቁልፎች በየተራ ተጫኑ፤ ኩንታሉ፣ ብሩ፣ ዋጋው፣ የገበሬው ብዛት ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል? አሁን ሁለት ማኅበር በአንድ ላይ ምረጡና ዋጋውንና የገበሬውን ብዛት ድገሙ፤ የሚሰበሩት እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ምንም ምርጫ ሳይኖር፣ ከዚያ ምንም መረጃ በሌለበት ወር ሞክሩ። ባዶው ባዶ ሆኖ ይታያል ወይስ ዜሮ ሆኖ? በዚያ ወር ግዥ አልነበረም ማለትና ሪፖርት አልመጣም ማለት አንድ አይደሉምና፣ ዜሮውንና ባዶውን ለዩ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሻይ በኋላ በአራት በአራት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። የመለማመጃው ፋይል በፍላሽ ይዞራል፤ ሦስት ማኅበርና 13 ወር አለበት፣ ሆን ተብሎ የአንድ ወር ስም አንድ ጊዜ በ«ሀ» ሌላ ጊዜ ደግሞ በ«ሐ» ተጽፎበታል። ፓወር ቢአይ ያላችሁ በዚያ፣ የሌላችሁ በኤክሴል ሥሩት። ቁልፉን ሳትነኩ መጀመሪያ አራቱን መለኪያዎች ጽፋችሁ አሳዩኝ።